ዓርብ፣ ከዐሥር ሰዓት በኋላ

ደረጃው ሥር አቁሞት ሄደ፣ በሩን ሳያንኳኳ፣
«እንዴት ዋልክ» የምትል ቃል ሳይተነፍስ እንኳ።
ወንድሜ ይርዳው ነው። ከፋሲካ ወዲህ
የምንነጋገረው በብስክሌት ነው እንዲህ፤
እሱ አበላሽቶ ያመጣል፣ እኔ ጠግኜ አቆማለሁ፣
ሲመሽ መጥቶ ይወስዳል፣ በመጋረጃ አያለሁ።

ጠባችን ሰንበት ናት። እኔ በቅዳሜ
ብሎን አልነካካም፤ እጸልያለሁ ቆሜ።
እሱ በዚያው ሰዓት ከጊቭዓት ሃሞሬ
ቁልቁል ይምዘገዘጋል በጥዱ መሐል፣ እንደ አውሬ።
«የኔም ጸሎት» አለኝ «እዚያ ላይ ነው» በፋሲካ ማታ፤
እኔም አንድ ቃል ተናገርኩ፤ ማዕዱ ጸጥ አለ ላንዳፍታ።
ከዚያ ወዲህ ጸጥ እንዳለ ነው።

ጎማውን ከመሬት አንሥቼ በጣቴ ገፋሁት፤
ሁለት ዙር ሳይሞላ ቆመ፤ ጆሮዬን አስጠግቼ ሰማሁት፦
ችስ... ችስ... ችስ...
ማንም እጀታውን ሳይነካው፣ ማንም «ያዝ» ሳይለው
የኋላው ፍሬን ዲስኩን ጨምድዶ አልለቅህም አለው።

አባታችን ቀጥቃጭ ነበር፤ ስለ ብረት ሲያወራን
«ሲጮህ አትምቱት» ይል ነበር፣ «የታመመው ቦታ ራሱ እስኪጠራን»።
ወናፉ እዚያው ቀረ። ጆሮው ግን ደረሰን።

በብሩጎላ ፈትቼ ሸራውን አወጣሁት፣
በስልኬ መብራት ተጎንብሼ ውስጡን አየሁት፦
ሁለት ፒስተን፣ ፊት ለፊት።
(ምሳሌ አልፈልግም። ፒስተን ናቸው።)
አንዱ ሲገፉት ይገባል። ሌላው የሸለቆው አቧራ
ዙሪያውን ጋግሮበት፣ ወጥቶ ቀርቷል።
የነሐሴ ሙቀት ደግሞ ዘይቱን አሳብጦታል፤
መሄጃ ያጣ ዘይት ያገኘውን ይገፋል።

አልኮል የለኝም። ወደ ሦስተኛ ፎቅ ተጣራሁ፤
ጌናዲ ቮድካ ይዞ ወረደ።
«ይኼ ለሰው ነው» አልኩት።
«ሰውም እኮ ይጣበቃል» ብሎ ራሱ ተጎነጨለት።
ሚስቱ ሪማ ከክሊኒኳ ያለውን፣ እውነተኛውን፣
ከነጥጡ በመስኮት ወረወረችልኝ።

ጠረግሁ፤ ጥቁር ወጣ። ደገምሁ፤ አሁንም ጥቁር።
በሦስተኛው ግራጫ። አንዲት ጠብታ ዘይት ቀባሁ በጎሚኒው ዙር፣
ከዚያ በፕላስቲክ ማንኪያ እጀታ
(ብረት አያስነካም፣ ይቧጥጠዋል)
ቀስ አድርጌ ገፋሁት። እምቢ አለ። ጠበቅሁ። ገባ።
በስሱ ጨበጥሁ፣ ለቀቅሁ፤ ጨበጥሁ፣ ለቀቅሁ፣
መውጣትና መግባት እስኪለምድ፤ ቁጥሩን ዘነጋሁ።
መሪው ላይ ያለችውን ብሎን ስከፍት ትርፉ ዘይት ወጣ፣
ይህን ሁሉ ያስጨነቀው የሱፍ ፍሬ የምታክል ጠብታ።

ሸራውን መለስሁ። ሁለቱን ማሰሪያ አላልቼ፣ እጀታውን ጨብጬ፣
መሐሉን ራሱ እስኪያገኝ ጠብቄ አጠበቅሁ።
ጎማው ዞረ። ዞረ። ዝም ብሎ ዞረ።
ከዚያ፦ ችስ።
በዙር አንዴ፣ ሁሌ አንድ ቦታ ላይ።
ዲስኩ ጎብጧል።
ወድቆ ነበር ማለት ነው። ማን ይነግረኛል።

ላቃናው በንጹሕ ጨርቅ እንደያዝሁት
ስመኝ ከላይ «ሻማው!» አለች።
ፀሐይዋ ቀርሜሎስ ላይ ተጋድማለች።
«አንድ ደቂቃ» ልላት ነበር፤
ያችን አንድ ደቂቃ ነው እኮ ይርዳውን የከለከልኩት።
ጨርቁን አጥፌ መሣሪያዬን ከተትሁ።
እጄን ስታጠብ የብስክሌቱ ጎማ ደረጃው ሥር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ።

በማግስቱ ማለዳ ለጸሎት ስወጣ
መንገዱ ጥግ ላይ አጠገቤ አለፈ።
አላየኝም፤ ወይም እንዳላየ ሆነ።
ክርኑ ላይ ፋሻ፣ ጀርባው ላይ ውኃ፣ ወደ ተራራው።
ችስ...
ችስ...
ችስ...
እስኪጠፋኝ ድረስ ቆሜ ቆጠርሁ።
እሑድ አቃናዋለሁ፣
ካመጣው።